ሽፍታ በሌለበት ቀን የሚቀባ ቅባት

ከቆዳ ድርቀት የሚነሣ ሽፍታ በአንድ ሌሊት የወጣ ይመስላል እንጂ በአንድ ሌሊት አይወጣም። ዓይን ከማየቱ በፊት ቆዳው ለሳምንታት ውሃ ሲያጣ፣ ሲሻክር፣ ከታጠበ በኋላ ሲወጠርና ማታ ማታ ሲበላ ቆይቷል። ሽፍታው ብቅ ካለ በኋላ ግን ሐሳባችን ሁሉ ወደ እርሱ ይሄዳል፤ ቅባት ይገዛል፣ ለጥቂት ቀናት ይቀባል፣ ሽፍታው ሲከስም ቅባቱም ይረሳል። ከዚያ ሽፍታው በዚያው ቦታ ተመልሶ ይወጣል፤ ሰውም «ይህ ቅባት አልሠራልኝም» ብሎ ሌላ ፍለጋ ይሄዳል። እኔ ደረቅ ቆዳ ይዤ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ አሁን ደግሞ የእናቴን እግር መንከባከብ የእኔ ሥራ ሆኗል። በሁለታችን ቆዳ ላይ ያየሁትን፣ ከሐኪሞች የሰማሁትንና ካነበብኩት ጋር ያገናዘብኩትን ለመጻፍ የተነሣሁት ስለ አንድ ነገር እርግጠኛ ስለሆንኩ ነው፦ የዚህ ሽፍታ ሕክምና ትልቁ ክፍል የሚሠራው ሽፍታው በማይታይባቸው ቀናት ነው።

ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከቆዳው የላይኛው ሽፋን መጀመር ያስፈልጋል። ከአየር ጋር የሚገናኘው የመጨረሻው ሽፋን፣ ከመዳፍና ከውስጥ እግር በቀር፣ ውፍረቱ ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ይህም የአንድ ተራ ወረቀት ውፍረት አንድ አምስተኛ ቢሆን ነው። በዚህ ስስ ሽፋን ውስጥ ከ15 እስከ 20 የሚደርሱ የሞቱ ሕዋሳት ድርድሮች ተነባብረዋል። ሐኪሞች ይህን ሽፋን በጡብ ግንብ ይመስሉታል፤ ጠፍጣፋዎቹ ሕዋሳት ጡቦቹ ሲሆኑ በመካከላቸው የሚገኘው ቅባት ደግሞ ጡብን ከጡብ የሚያያይዘው ሲሚንቶ ነው። ቅባቱ በዋናነት ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና ፋቲ አሲድ ከሚባሉ ነገሮች የተሠራ ነው። ሕዋሳቱ በበኩላቸው በውስጣቸው ውሃን ስበው የሚይዙ ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች አሏቸው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ የሚገኙት ፊላግሪን የተባለው ፕሮቲን ሲፈራርስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 የታተሙ ጥናቶች ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረ መል ጉድለት ሲኖርበት ቆዳ ከልጅነት ጀምሮ ደረቅና ቅርፊታም እንደሚሆን፣ ችፌ ወይም ኤክዚማ ለሚባለው ሕመምም በብርቱ እንደሚያጋልጥ አሳዩ። ይህን ሳነብ ትልቅ እፎይታ ተሰማኝ። ደረቅ ቆዳ ያለው ልጅ ብዙ ጊዜ «አልታጠብክም እንዴ?» እየተባለ ያድጋልና። እግሩ ላይ የሚታየው ነጭ አመድማ ነገር የቸልተኝነት ምልክት ተደርጎ ይቆጠርበታል፤ እርሱም ያንን ለማስወገድ አብዝቶ ይታጠባል፣ አብዝቶም ይፈትጋል፣ ቆዳው የበለጠ ይደርቃል። ከወላጅ የተወረሰ የሕዋስ አሠራር በሳሙና ተፈትጎ አይለወጥም። ይህን ለልጆቻችን ቀድመን ብንነግራቸው ብዙ ሐፍረት እናስቀርላቸዋለን ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ሥር የሰደደ አስተሳሰብ ቆዳ የሚደርቀው ዘይት ስላነሰው ነው የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኧርቪን ብላንክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ያሳተመው ሥራ ይህን አስተሳሰብ ገለበጠው። የደረቀ የላይኛው ቆዳ ቁራጭ ዘይት ውስጥ ቢነከርም እንደ ደረቀና እንደ ተሰባሪ ይቆያል፤ ውሃ ሲያገኝ ግን ይለሰልሳል። ስለዚህ ቆዳን የሚያለሰልሰው ውሃው ነው፤ የቅባቱ ሥራ ውሃው እንዳያመልጥ መጠበቅ ነው። ደረቅ ቆዳን የመንከባከብ ዘዴ ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ስለሆነ ነገሩን በደንብ መያዝ ይጠቅማል። ደረቅ ቆዳ ላይ ቅባት ብቻ መለሰን ብልጭታ ይሰጣል፤ ውሃ ባገኘ ቆዳ ላይ የተቀባ ቅባት ግን ውሃውን እዚያው ያቆየዋል።

በላይኛው ሽፋን ውስጥ ያለው ውሃ ከ10 በመቶ በታች ሲወርድ ሽፋኑ መለጠጥ አቅቶት ይሰነጠቃል። ከዚህም ጋር የማይታይ ሌላ ነገር ይበላሻል። ያረጁ ሕዋሳት በየቀኑ አንድ በአንድ እየተላቀቁ እንዲረግፉ የሚያደርጉ ኢንዛይሞች ሥራቸውን የሚሠሩት ውሃ ሲኖር ነው። ውሃው ሲያንስ ኢንዛይሞቹ ይዳከማሉ፣ ሕዋሳቱ እርስ በርስ እንደ ተያያዙ ይቀራሉ፣ በመጨረሻም በጅምላ ተገንጥለው ለዓይን የሚታይ ቅርፊት ይሆናሉ። እናቴ ማታ ጥቁር ካልሲዋን ስታወልቅ ገልብጬ ሳየው ውስጡ በነጭ ብናኝ ተሸፍኖ የነበረው ለዚህ ነው። ቅርፊቱን ፈትጎ ማንሣት የሚያጓጓ ቢሆንም ገና ያልበሰለውን ሽፋን ያጋልጣል እንጂ ድርቀቱን አይፈውሰውም።

ከድርቀት ወደ ሽፍታ የሚያሻግረው እንግዲህ ይህ ስንጥቅ ነው። በስንጥቁ በኩል ሳሙና፣ ላብ፣ ሽቶ፣ የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ቅሪትና ጀርም ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ከሥር ያሉት ሕዋሳት ይህን እንደ ጥቃት ቆጥረው የማስጠንቀቂያ ኬሚካል ይለቃሉ፣ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ የነርቭ ጫፎች ይነካሉ፣ ማሳከክ ይጀምራል። ሰው ያክካል፤ ማከኩ ግንቡን የበለጠ ያፈርሰዋል፤ የፈረሰው ግንብ የበለጠ ያሳክካል። ይህ አዙሪት አንዴ ከተጀመረ መነሻው የነበረው ድርቀት ቢቀንስ እንኳ በራሱ ጉልበት ሊቀጥል ይችላል። ለረጅም ጊዜ የታከከ ቆዳ ይወፍራል፣ መስመሮቹ ጎልተው ይወጣሉ፣ ቀለሙም ይጠቁራል።

ሽፍታው የሚወጣበት ቦታም የራሱን ታሪክ ይናገራል። ቅልጥም፣ የክንድ ውጫዊ ክፍል፣ ጎንና ወገብ፣ የእጅ ጀርባ ቀድመው ይጎዳሉ፤ ብብት፣ ብሽሽትና ፊት ግን ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ። ቅልጥም ላይ ቅባት የሚያመነጩ ዕጢዎች ጥቂት ናቸው፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ዕጢዎቹም ይሰንፋሉ፣ በሕዋሳቱ መካከል ያለውም ቅባት ይመናመናል፣ የቆዳው መታደስም ይዘገያል። በወጣትነት አንድ ወር ገደማ የሚፈጀው የላይኛው ቆዳ መታደስ በእርጅና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ስለዚህ አረጋውያን በቀዝቃዛና ነፋሻ ወራት፣ ወይም ማሞቂያና ማቀዝቀዣ አየሩን በሚያደርቅበት ቤት ውስጥ ሲውሉ፣ ቅልጥማቸው ላይ የተለየ መልክ ያለው ሽፍታ ይወጣባቸዋል። የእናቴን ቅልጥም መስኮት አጠገብ አስቀምጬ በቅርበት ሳየው ስስ ስንጥቆች እርስ በርስ እየተገናኙ መረብ ሠርተው ነበር። በመረቡ ዓይኖች መካከል ያለው ቆዳ አብለጭላጭና የተወጠረ፣ የስንጥቆቹ ጠርዝ ደግሞ ወደ ላይ የተጠቀለለ ነበር፤ አንዳንዱ ስንጥቅ ከሥሩ ቀላ ያለ ሥጋ ያሳይ ነበር። ሐኪሞች ይህን ዓይነቱን አስቴአቶቲክ ኤክዚማ ይሉታል። እናቴ ግን ሕመም ነው ብላ አላሰበችውም፤ «እርጅና ነው ልጄ፣ ተዪው» ነው ያለችኝ። እርጅና ምክንያቱ ሊሆን ይችላል፤ ሌሊቱን ሙሉ ስታክክ እንድታድር ግን አያስገድዳትም።

ስለ ቀለም መናገር ግዴታ ይመስለኛል። ስለ ቆዳ ሽፍታ የተጻፉ ጽሑፎች አብዛኞቹ «መቅላት» የሚለውን ምልክት ያስቀድማሉ፤ ሥዕሎቻቸውም ብዙውን ጊዜ የነጣ ቆዳ ሥዕሎች ናቸው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን የተቆጣ ቆዳ ሁልጊዜ ቀልቶ አይታይም። ወይን ጠጅ የሚመስል፣ ግራጫ፣ ወይም ከአካባቢው ይልቅ የጠቆረ ቡናማ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ አንዳንዴም በፀጉር ሥሮች ዙሪያ የሚነሡ፣ በዓይን ከማየት ይልቅ በጣት ሲዳሰሱ የሚታወቁ ትናንሽ ጉብታዎች ብቻ ይሆናሉ። ስለዚህ በዓይን ብቻ አለመመርመር፣ በጀርባ እጅ መዳሰስ፣ ሙቀቱንና ሻካራነቱን ከጤነኛው ቦታ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ሽፍታው ከሻረ በኋላ የሚቀረው የጠቆረ ወይም የነጣ ምልክት ደግሞ ብዙ ሰው ከሽፍታው ይልቅ የሚጨነቅበት ነው። ይህ ምልክት ጠባሳ አይደለም፤ በአብዛኛው በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል፣ የማከኩ አዙሪት ከቆመ። ምልክቱን ለማጥፋት ተብለው የሚሸጡ የማንጫ ክሬሞች ግን ያስፈሩኛል፤ ከእነርሱ መካከል ብርቱ ስቴሮይድ (የቆዳን ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት) ወይም ሜርኩሪ ሳይነገር የተቀላቀለባቸው አሉና።

አሁን ወደ መታጠብ ልምጣ፤ ከቅባት ይልቅ ለውጥ ያየሁት በዚህ በኩል ነውና። ጤነኛ የቆዳ ገጽ መጠነኛ አሲድነት አለው፤ ፒኤች የሚባለው የአሲድነት መለኪያ፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ የሚበዛው፣ በቆዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ4.5 እስከ 5.5 ባለው መካከል ይገኛል። የተለመደው ድፍን ሳሙና ግን ፒኤች መጠኑ 9 ወይም 10 ገደማ ነው። የግንቡን ቅባት የሚሠሩት ኢንዛይሞች አሲዳማ አካባቢ ስለሚፈልጉ ቆዳው በሳሙና ከታጠበ በኋላ ወደ ነበረበት እስኪመለስ ድረስ ጥገናው ይጓተታል፤ ከዚህ በላይ ሳሙናው ራሱ የተሠራውን ቅባት አጥቦ ይወስዳል። ሙቅ ውሃ ሲጨመርበት ጉዳቱ ይበረታል። ሙቅ ውሃ ለሚያሳክክ ቆዳ የሚሰጠውን ደስታ አውቀዋለሁ፤ ለጥቂት ደቂቃ ማሳከኩን ድምጥማጡን ያጠፋዋል፣ ከዚያ ግን በእጥፍ ይመልሰዋል።

ስለዚህ መታጠቡ አይቀርም፣ አኳኋኑ ግን ይለወጣል። ለብ ያለ ውሃ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ሳሙና ለብብት፣ ለብሽሽት፣ ለእግርና በእርግጥ ለቆሸሸ ቦታ ብቻ። ክንድና ቅልጥም በየቀኑ ሳሙና አያስፈልጋቸውም። ሽቶ የሌለው፣ ለደረቅ ቆዳ የተዘጋጀ ለስላሳ ማጠቢያ ከተገኘ ደግሞ የተሻለ ነው። ብዙ አረፋ የሚያወጣው ሁሉ የበለጠ ያጸዳል ማለት አይደለም፤ አረፋውን የሚያስገኙት ኬሚካሎች አንዳንዶቹ፣ በተለይ ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት፣ ቆዳን በማስቆጣት የታወቁ ናቸው። መፈተጊያ ድንጋይና ሻካራ ጨርቅ ይቅር። ከዚያም ፎጣውን እያስነኩ ማድረቅ እንጂ አለማሸት፤ ቆዳው ገና እርጥበት እንደያዘ፣ በሁለት ወይም በሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ ቅባቱን መቀባት ነው። እናቴን ሳጥባት ቅባቱን አስቀድሜ ከፍቼ አጠገቤ አኖረዋለሁ። ከመታጠቢያ ቤት ወጥታ፣ ለብሳ፣ ትንፋሽ ወስዳ እስክትቀመጥ ድረስ ውሃው ተንኖ ያልቃልና።

እጅን በተመለከተ መታጠብን ቀንሱ ማለት አይቻልም፤ በተለይ የታመመ ሰው ለሚያስታምም፣ ሕፃን ለሚያሳድግ፣ ምግብ ለሚያዘጋጅ ሰው። ነገር ግን እጅ በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ከሌለበት አልኮል ያለበት የእጅ ማጽጃ ብዙ ጊዜ ከሳሙናና ከውሃ ይልቅ ለቆዳው የቀለለ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው የእጅ ማጽጃ ቀመር ውስጥ 1.45 በመቶ ግሊሰሮል የተጨመረው እጅ እንዳይደርቅ ታስቦ ነው። አልኮሉ ካቃጠለ ቆዳው አስቀድሞ የተሰነጠቀ መሆኑን ያመለክታል። ዕቃና ልብስ ሲታጠብ ከውስጥ የጥጥ፣ ከላይ የፕላስቲክ ጓንት ማድረግ የእጅ ሽፍታን ከብዙ ቅባት በላይ ይከላከላል።

ስለ ቅባት ምርጫ ሲጠየቅ ሰው አንድ ስም እንዲነገረው ይፈልጋል። እኔ ግን ቅባቶች የሚሠሩትን ሥራ መለየት ይበልጥ ይጠቅማል እላለሁ። አንዳንዶቹ ውሃ ይስባሉ፤ ግሊሰሪን፣ ዩሪያና ላክቲክ አሲድ የዚህ ወገን ናቸው። አንዳንዶቹ ውሃው እንዳይተን ከላይ ይከድናሉ፤ ቫዝሊን ዋነኛው ነው። ሌሎቹ እንደ ሴራማይድ ያሉት በሕዋሳቱ መካከል የጎደለውን ይሞላሉ። ጥሩ ክሬም አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱም ይዟል። ሎሽን ውሃው ስለሚበዛ በቀላሉ ይቀባል፣ በጣም ለደረቀ ቆዳ ግን ይሳሳበታል፤ ክሬም መካከለኛ ነው፤ ወፍራሙ ቅባት ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ይከድናል፣ ልብስ ግን ያጨማልቃል። የቀን ክሬም፣ የማታ ወፍራም ቅባት ብሎ መከፋፈል ለብዙ ሰው ይመቻል።

ቫዝሊንን ዝቅ አድርገው የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ ርካሽና የቆየ ስለሆነ ይመስለኛል። ሮበርት ቺዝብሮ የተባለው ሰው ከነዳጅ ጉድጓድ ዝቃጭ አጣርቶ የአሠራር መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1872 ነው፤ እስከ ዛሬም ውሃ ከቆዳ እንዳይተን በመከልከል የሚወዳደሩት ጥቂቶች ናቸው። ሽቶ የለውም፣ በአለርጂ የሚያስቆጣውም ሰው እጅግ ጥቂት ነው፣ በተሰነጠቀ ቆዳ ላይ አያቃጥልም። ዩሪያ በአንጻሩ ከ5 እስከ 10 በመቶ በሆነ መጠን ቆዳን ያረጥባል፣ ከ20 በመቶ በላይ ሲሆን ደግሞ ጠንካራ ቆዳን ያሟሟል፤ ለተረከዝ ድንቅ ነው፣ አዲስ በተሰነጠቀ ቅልጥም ወይም በሕፃን ቆዳ ላይ ግን ያንገበግባል። የወይራ ዘይት ተፈጥሯዊ ስለሆነ ብቻ ለቆዳ ይስማማል ተብሎ ሲመከር እሰማለሁ። በውስጡ የሚበዛው ኦሌይክ አሲድ የግንቡን ቅባት ሊያናጋ እንደሚችል ጥናቶች አሳይተዋል፤ ለደረቅ ቆዳ፣ ይልቁንም ለሕፃን ቆዳ፣ ባልመርጠው እመርጣለሁ። ሽቶ ያለበት ነገር ሁሉ፣ ከዕፅዋት የወጣም ቢሆን፣ ለተቆጣ ቆዳ አይሆንም።

መጠኑ ደግሞ ብዙ ሰው የሚያንስበት ቦታ ነው። ኤክዚማው በሰፊው የተዳረሰበት ሰው በሳምንት ከ250 እስከ 500 ግራም ማለስለሻ ቅባት ሊያስፈልገው እንደሚችል የሕክምና መመሪያዎች ይናገራሉ። አንድ 50 ግራም የምትይዝ ቱቦ ለወራት ስትቆይ ካየን በእርግጥ እየተቀባን አይደለም። ቅባቱ ወደ ፀጉሩ አቅጣጫ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሳይታሽ ይቀባል፤ ወደ ላይ ማሸት የፀጉር ሥሮችን እየደፈነ ብጉር ያወጣል። ከማሰሮው በጣት ሳይሆን በንጹህ ማንኪያ ማውጣት ጀርም እንዳይገባ ይጠብቃል። ፓራፊንና ቫዝሊን ያለባቸው ቅባቶች የነከሩት ልብስና አንሶላ እሳት ሲያገኘው በፍጥነት ስለሚቀጣጠል ከሲጋራ፣ ከሻማና ከምድጃ መራቅ ያስፈልጋል፤ ይህ በተለይ ለአረጋውያን ሊነገር የሚገባ ነገር ነው።

ሽፍታው ተቆጥቶ ባለበት ጊዜ ማለስለሻ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። ያን ጊዜ ሐኪም የስቴሮይድ ክሬም ያዝዛል። ስለዚህ መድኃኒት ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች ይሠራሉ፤ ሁለቱም ያሳዝኑኛል። አንዱ በፍርሃት እጅግ ጥቂት ቀብቶ፣ በሁለተኛው ቀን ትቶ፣ ሽፍታው እየተንከባለለ ወራት እንዲቆይ ማድረግ ነው። ሌላው ለጎረቤት የታዘዘውን ቱቦ ተቀብሎ ፊት ላይ ሳይቀር ለወራት መቀባት ነው። ሃይድሮኮርቲዞን 1 በመቶ ደካማ ከሚባሉት ሲሆን ክሎቤታዞል ደግሞ ከሁሉ የበረታው ወገን ነው፤ ሁለቱ በአንድ ስም «የሽፍታ ክሬም» ሲባሉ ግን ልዩነታቸው ይጠፋል። ብርቱው በስስ ቆዳ ላይ ያለ ሐኪም ክትትል ሲቀጥል ቆዳውን ያሳሳል፣ የደም ሥር ያጋልጣል፣ መስመር መስመር ያወጣል። መለኪያው ቀላል ነው፦ ከአዋቂ ሰው አመልካች ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ ከቱቦው የተጨመቀ ክሬም ግማሽ ግራም ገደማ ይሆናል፤ ይህም ጣቶችን ጨምሮ ሁለት መዳፍ ለሚያህል ቦታ ይበቃል። ስቴሮይዱና ማለስለሻው ተከታትለው እንዳይቀላቀሉ በመካከላቸው ጥቂት መቆየት ይሻላል።

ማሳከኩ ሌሊት የሚብሰው ምናባችን ስለሆነ አይደለም። ማታ ቆዳ ይሞቃል፣ ከእርሱ የሚተነው ውሃ ይጨምራል፣ ሰውነት በተፈጥሮ የሚያመነጨው ኮርቲዞልም በዚያ ሰዓት ዝቅ ይላል፤ ቀን ላይ ሐሳብን የሚወስደው ሥራም ማታ የለም። ክፍሉን ቀዝቀዝ ማድረግ፣ ስስ የጥጥ ልብስ መልበስ፣ ጥፍርን ማሳጠር፣ ሲብስ ደግሞ ቅባት በተቀባ ቆዳ ላይ በለብታ ውሃ የራሰ ጨርቅ ለጥቂት ጊዜ መጠቅለል ይረዳል። የአለርጂ ኪኒን ብዙዎች ይወስዳሉ፤ የደረቅ ቆዳ ማሳከክ ግን በአብዛኛው ሂስታሚን ከሚባለው ኬሚካል የሚመጣ ስላልሆነ ኪኒኑ እንደታሰበው አይረዳም፤ የሚያስተኛው ዓይነት ደግሞ ለአረጋውያን የመውደቅ አደጋ ያመጣል። ውሃ አብዝቶ መጠጣትም ለጤና ይበጅ ይሆናል እንጂ ያልተጠማን ሰው ቅልጥም አያረጥብም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሽፍታው በእርግጥ ከድርቀት የመጣ ከሆነ ነው። ክብ ሆኖ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ መሀሉ እየጠራ የሚሰፋ ሽፍታ ጭርት ሊሆን ይችላል፤ በላዩ ስቴሮይድ ሲቀባበት ለጊዜው የዳነ መስሎ መልኩን ቀይሮ ይስፋፋል። በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓና በወገብ ላይ የሚወጣ፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ፣ የቤቱንም ሰው ሁሉ ያሳከከ ነገር እከክ መሆኑ ሊጠረጠር ይገባል፤ ያን ጊዜ ሁሉም አብሮ መታከም አለበት። በክርን፣ በጉልበትና በራስ ቅል ላይ ወፍራም ብርማ ቅርፊት ያለው ሽፍታ ደግሞ ሶሪያሲስ ሊሆን ይችላል። ከሰዓት ማሰሪያ፣ ከቀበቶ ዘለበት ወይም ከጉትቻ ሥር ብቻ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ኒኬል ለሚባለው ብረት ያለ አለርጂ ነው።

ሽፍታ ሳይታይ ሰውነት ሁሉ የሚያሳክክ ከሆነ፣ ወይም ድርቀቱ በአዋቂነት ድንገት ከጀመረ፣ ምክንያቱ ከቆዳው ውስጥ ላይሆን ይችላል። የታይሮይድ ዕጢ መዳከም፣ የኩላሊትና የጉበት ሕመም፣ ስኳር፣ የብረት ማነስ፣ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ አልፎ አልፎም የሊምፍ ካንሰር በዚህ መንገድ ራሳቸውን ይገልጣሉ። ክብደት መቀነስና የሌሊት ላብ ሲታከልበት ምርመራው መዘግየት የለበትም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው የተረከዝ ስንጥቅ ቁስል ሆኖ እግር እስከማሳጣት ሊያደርስ ስለሚችል እግሩን በየቀኑ ማየት፣ ተረከዙንና የእግሩን ጀርባ መቀባት፣ በጣቶቹ መካከል ግን አለመቀባት ይኖርበታል። ቢጫ ቅርፊት፣ መግል፣ የሚስፋፋ ሙቀትና እብጠት ወይም ትኩሳት ካለ ኢንፌክሽን ገብቷል ማለት ነው፤ ይህ በዚያው ቀን ሐኪም የሚያይ ነገር ነው።

ከደረቅ ቆዳ የሚመጣ ሽፍታ አይተላለፍም። ይህን ለብቻው የጻፍኩት እጁን ለሰላምታ ሲዘረጋ ሌላው ሰው የሚያመነታበትን ሰው ስለማውቅ ነው። እጄ በተሰነጠቀባቸው ወራት ገንዘብ ስቀበልና ስሰጥ ሰው ጣቴን ሳይነካ ብሩን በጫፉ ይዞ ሲወስድ አይቻለሁ። ሽፍታው ካስከተለብኝ ሕመም ይልቅ ያ የበለጠ ይቆየኛል።

ሐኪም ዘንድ ሲኬድ የተቀቡ ቱቦዎችን ሁሉ፣ ከገበያ የተገዛውንም፣ ሰው የሰጠውንም ይዞ መሄድ፣ ሽፍታው ብሶ የነበረበትን ቀን በስልክ ፎቶ አንሥቶ ማቆየት ይጠቅማል። ከመውጣት በፊትም ምን ያህል ልቀባ፣ ስንት ቀን፣ ሽፍታው ሲጠፋስ ምን ላድርግ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሦስተኛውን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። የእናቴ ሐኪም ለዚህ ጥያቄ የሰጡን መልስ ማለስለሻውን በየቀኑ ማስቀጠል፣ ስቴሮይዱን ደግሞ ሽፍታው ይመላለስባቸው በነበሩት ቦታዎች ላይ ብቻ በሳምንት ሁለት ቀን መቀባት የሚል ነበር። ኤክዚማ ለሚመላለስባቸው ሰዎች ይህ አሠራር የአገረሸበትን ጊዜ እንደሚያራርቅ በጥናት የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በሐኪም ትእዛዝ፣ በተወሰነ ጊዜ እየታየ የሚደረግ እንጂ ሰው በራሱ የሚጀምረው አይደለም። እናቴ መጀመሪያ ላይ «ምንም በሌለበት ምኑን ትቀቢዋለሽ?» ትለኝ ነበር። ቅልጥሟን በጣቷ እንድትዳስሰው አደረግኋት፤ ከጉልበቷ በታች ያለው ቆዳ አሁንም ከክንዷ ውስጣዊ ክፍል ይልቅ ይሻክር ነበር፣ እኛም የምንቀባው ለእርሱ ነው።